ቀልብን ተከትሎ ረቂቅ ሥዕል መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከተፈጥሮና ከውስጣዊ ሕይወት ተነስተው፣ የሥዕሉን የመጨረሻ መልክ አስቀድመው ሳይወስኑ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ለሚሠሩ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ በአብዛኛው በውሃ የሚቀጥነውን የአክሪሊክ ቀለም ይመለከታሉ፤ የዘይት ቀለም የሚለይበት ቦታ በየመልሱ ተጠቅሷል።

ቀልብን ተከትሎ መሳል ማለት ያለ ዕቅድ መሳል ነው?

የማይታቀደው ውጤቱ ነው። አሠራሩ ግን በደንብ ይታቀዳል። የሸራው መጠን፣ የቀለሞቹ ብዛት፣ የብሩሾቹ አቀማመጥ፣ የሥራው ሰዓት፣ እነዚህ ሁሉ ቀለም ሸራ ከመንካቱ በፊት ማለቅ አለባቸው። በሥራ መሃል የደረቀ ክዳን ለመክፈት የሚታገል ወይም ከ20 ቱቦ መካከል የሚያማርጥ ሰው ቀልቡ ይበተናል፤ ቀልብ ሲበተን ደግሞ እጅ ወደ ለመደው ነገር ይመለሳል።

ሩሲያዊው የረቂቅ ሥዕል ሠዓሊ ቫሲሊ ካንዲንስኪ ሥራዎቹን በሦስት ይከፍል ነበር፦ ከውጭው ዓለም በቀጥታ የመጡትን “ኢምፕሬሽን”፣ ከውስጥ ድንገት የፈለቁትን “ኢምፕሮቪዜሽን”፣ በውስጡ ለረጅም ጊዜ ሲብላሉ የቆዩትን “ኮምፖዚሽን” ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1913 የሠራውን ሰባተኛውን ኮምፖዚሽን ሸራው ላይ ያሳረፈው በአራት ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከ30 በላይ ንድፎችና ሙከራዎች አዘጋጅቶ ነበር። የእጅ ፍጥነትና ነፃነት በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ካለ ዝግጅት ነው፤ ለዚህም ነው ከዚህ በታች ስለ ሸራ፣ ስለ ቀለምና ስለ መድረቂያ ጊዜ ብዙ የተባለው።

ዛፍም ተራራም ካልሳልኩ ከተፈጥሮ የምወስደው ምንድን ነው?

በዋናነት ግንኙነትን ነው፦ ጥቅጥቅ ያለው ቦታ ከባዶው ጋር ያለውን መጠን፣ የጠርዞችን ጠባይ፣ የድግግሞሽን ምት፣ ብርሃን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚደበዝዝበትን ፍጥነት። ጭቃ ሲደርቅ የሚሰነጠቅበትን መንገድ ልብ ይበሉ። አዲሱ ስንጥቅ ቀድሞ የነበረውን የሚገናኘው ብዙ ጊዜ በቀጤ ማዕዘን (በ90 ዲግሪ) ነው። ይህ ትንሽ ሕግ ብቻውን አንድን ሸራ ሊያዋቅር ይችላል፤ ተመልካቹም ጭቃ ሳያይ የተፈጥሮን ሥርዓት ይሰማዋል። የሐይቅ ሞገድ ከእግርዎ ሥር ሰፊ ሆኖ ወደ ሩቅ ሲሄድ እየጠበበ የሚሰለፍበት ምት አለ። ተደራርበው የሚታዩ ኮረብቶች ደግሞ በራቁ ቁጥር የጥላና የብርሃን ልዩነታቸው እየቀነሰ ወደ ሰማያዊ ይጠጋሉ። እንዲህ ያሉት ሁሉ ቅርጻቸው ሳይገለበጥ ሸራ ላይ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ዛፍን ደጋግሞ ሣለ። በ1911 የሠራው ግራጫ ዛፍ ላይ ቅርንጫፎቹ ወደ ቅስት መስመሮች ተለውጠዋል፤ በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ከቅርንጫፎቹ እኩል ክብደት አግኝቷል። ከአንድ ነገር ጋር ረጅም ጊዜ መቆየት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት እነዚያን ዛፎች በቅደም ተከተል መመልከት ይጠቅማል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ለ20 ደቂቃ ውጭ ይቀመጡ። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ እርሳስ ሳይነኩ አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ። ከዚያ ጀርባዎን ሰጥተው አምስት አጫጭር ሐረጎች ይጻፉ፤ የነገሩን ስም ሳይሆን ግንኙነቱን የሚናገሩ ይሁኑ፦ “ከታች ክብደት፣ ከላይ ክፍት”፣ “ሦስት ሹል፣ አንድ ዱልዱም”፣ “ጠርዙ በስተቀኝ ይሟሟል”። በመጨረሻም 5 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ሳጥኖች ወረቀት ላይ ሠርተው፣ እያንዳንዱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከትዝታ በከሰል ይሙሉ። ሸራው ፊት ሲቆሙ የሚይዙት እነዚህን ሳጥኖች ነው።

ከፎቶ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ፎቶው ግን ሥራው ላይ ሁሉ ፊትዎ መቆየት የለበትም። ለሁለት ደቂቃ አይተው ይገልብጡት። ትዝታ ወንፊት ነው፤ ያልነካዎትን ዝርዝር ጥሎ የነካዎትን ያስቀራል። ፎቶ ሁሉንም እኩል ስለሚያሳይ ይህን ማጣራት ይነጥቅዎታል፤ እጅም ሳይታወቅ ወደ መቅዳት ያዘነብላል።

ውስጣዊ ስሜት ሸራ ላይ የሚታየው በምን በኩል ነው? ቀይ ለቁጣ፣ ሰማያዊ ለሐዘን ነው?

እንዲህ ያለ ቋሚ መዝገብ የለም። ቀይ በሰፊ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ ከኦከር (አፈር መሳይ ቢጫ) ጎን ሲቀመጥ ሙቀትና ዕረፍት ይሰጣል፤ ያው ቀይ በቀጭን ስለታም መስመር ጥቁር መሃል ሲገባ ያስደነግጣል። ትርጉሙን የሚሰጡት ስፋቱ፣ ጎረቤቱና ጠርዙ ናቸው።

ስሜት በይበልጥ የሚታየው በእጅ ጫና፣ በፍጥነት፣ በምልክት መጠንና በምልክቶች መካከል ባለው ዕረፍት ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ጥቁር ቀለምና አንድ ብሩሽ ይዘው ሦስት ወረቀት ይሥሩ፦ የመጀመሪያውን በዝግታና በከባድ ጫና፣ ሁለተኛውን በፍጥነትና በቀላሉ እየነኩ፣ ሦስተኛውን ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ ሁለት ትንፋሽ እየጠበቁ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የሦስት የተለያዩ ሰዎች ሥራ ይመስላሉ። ቀለም ከመምረጥ በፊት ይህን ማወቅ ብዙ ያሻሽላል።

የሸራው መጠንም በዚህ ውስጥ ይገባል። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች በሆነ ሸራ ላይ የሚንቀሳቀሰው የእጅ አንጓ ነው፤ በ60 እና በ80 ሳንቲ ሜትር መካከል ክርን ይገባል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሲሆን ትከሻና ወገብ ይሠራሉ። ትልቅ ስሜት ይዞ ትንሽ ሸራ ላይ የሚታገል ሰው ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የሚጨናነቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ለአምስት ደቂቃ ሰውነትዎ ውስጥ ያለውን በቃላት ይጻፉ፤ “ደረቴ ላይ ጫና”፣ “እግሬ መሄድ ይፈልጋል” ዓይነት ይሁን። “አዝኛለሁ” የሚለው ቃል እጅን ወዴት እንደሚወስድ አይነግርም፤ ጫናና እንቅስቃሴ ግን በቀጥታ ወደ ብሩሽ ይተላለፋሉ። ከባድ ሐዘን ወይም ጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው ሥዕል መተንፈሻ ሊሆን ይችላል፤ የባለሙያ እርዳታን ግን አይተካም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

በስንት ቀለም ልጀምር?

በአምስት። ቲታኒየም ነጭ፣ የሎ ኦከር፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡኒ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ እና አንድ የሚጮህ ቀለም፤ ለምሳሌ ማጀንታ ወይም ጠንካራ ብርቱካናማ። ጥቁር መግዛት አያስፈልግም። አልትራማሪንና በርንት አምበር እኩል ሲቀላቀሉ ወደ ጥቁር የተጠጋ ጥልቅ ቀለም ይሰጣሉ፤ አልትራማሪኑን ሲያበዙና ነጭ ሲጨምሩ ቀዝቃዛ ግራጫ፣ አምበሩን ሲያበዙ ሞቃት ግራጫ ያገኛሉ። የተፈጥሮ ቀለም አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ግራጫዎች መካከል ነው፤ የሚጮኸው ቀለም ከሸራው ከአሥር አንድ እጅ እንዳያልፍ ካደረጉት ኃይሉን ይጠብቃል።

ታሎ ሰማያዊና ታሎ አረንጓዴን የሚወዱ ካሉ በጥንቃቄ ይያዟቸው። የማቅለም ኃይላቸው በጣም ከፍተኛ ስለሆነ የምስር ፍሬ ያህሉ ሙሉ የነጭ ክምር ይለውጣል፤ ያልታጠበ ብሩሽ ላይ የቀረ ጥቂት እንኳ ቀጣዩን ቀለም ያበላሻል። የድሮው አሊዛሪን ክሪምሰን (ጥልቅ ቀይ) ደግሞ በብርሃን ይደበዝዛል፤ በተለይ ሲቀጥን ወይም ከነጭ ጋር ሲቀላቀል። ቱቦው ላይ የብርሃን መቋቋም ደረጃ ይጻፋል፤ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሆኑትን ብቻ ይግዙ።

ሸራው እንዴት ይዘጋጃል?

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሸራ እንኳ ቢሆን ተጨማሪ ጌሶ (ቀለም እንዲይዝ ሸራው ላይ ቀድሞ የሚቀባ ነጭ መደብ) ይፈልጋል፤ የፋብሪካው ሽፋን ብዙ ጊዜ ስስ ነውና። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሸራ ለአንድ ንብርብር ከ50 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ንብርብር ይቀቡ፤ የመጀመሪያውን በአግድም፣ ቀጣዩን በቁም። እያንዳንዱ ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይለስልሱት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። አክሪሊክ በማግስቱ መቀባት ይቻላል፤ ለዘይት ቀለም ሦስት ቀን መጠበቅ ይሻላል።

ነጩ ሸራ ፊት ስቆም እጄ ይታሰራል። ምን ላድርግ?

ነጭነቱን ያጥፉት። ኦከርና ጥቂት አምበር በውሃ አቅጥነው ሙሉውን ሸራ በጨርቅ ያጥቡት፤ ሳይደርቅ በከሰል ወይም በማይለምዱት እጅ ጥቂት ትልልቅ ምልክቶች ይጣሉ። እንዲሁም ሦስት ሸራ በአንድ ጊዜ ይጀምሩ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ላይ ስለሚሠሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንዱ ዕጣ ፈንታ ስለማያስጨንቅዎት፣ እጅ ይፈታል።

ከሰል ከተጠቀሙ ግን ትርፉን ዱቄት ያራግፉና በላዩ ቀጭን ሚዲየም (ቀለም የሌለበት የአክሪሊክ ማያያዣ) ቀብተው ያድርቁት። ካልታሰረ ቀጣዩን ቀለም ያጠቁረዋል፤ ቀለሙም በደንብ አይይዝም።

አንድ ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

አስገዳጅ ቅደም ተከተል ባይኖርም ለብዙ ሰው የሚሠራ አካሄድ አለ። መጀመሪያ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ብሩሽ ለ20 ደቂቃ ያህል ትልልቅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ጥሩ መጥፎ የሚል ፍርድ የለም። ከዚያ ሸራው ሲደርቅ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሄደው ይቀመጡና ለ10 ደቂቃ ይዩት። ዓይን ደጋግሞ የሚመለስበት ቦታ የት ነው? ዓይን የሚንሸራተትበት፣ ምንም የማይዝበት ቦታስ?

ሦስተኛው እርምጃ ጀማሪዎች የሚዘሉት ነው፤ ከሁሉም ወሳኙም እርሱ ነው። ነጭን ከትንሽ ኦከር ወይም ግራጫ ጋር ቀላቅለው፣ ከሸራው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉን በዚህ ከፊል ሸፋኝ ቀለም ይሸፍኑ። የሚያስፈልገውን ብቻ በዙሪያው እየዞሩ ያስቀሩ። የተረፈው ቅርጽ በእቅድ ሊሳል የማይችል ቅርጽ ይሆናል፤ ጫጫታውም ይረግባል። ቀጥሎ የሥዕሉን እጅግ ጥቁርና እጅግ ብሩህ ቦታ ይወስኑ፤ ሁለቱ ከተቀራረቡ ዓይን እዚያ ይቆማል፣ ከተራራቁ ይጓዛል። በመጨረሻ ትንንሽ ምልክቶች፣ መስመርና ጭረት ይመጣሉ፤ ጥቂት ይበቃል።

በጠቅላላው የማየት ጊዜ ከመቀባት ጊዜ ማነስ የለበትም። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም አይርሱ፤ የቀለሙን ቅንጣቶች የሚይዘው ማያያዣ እርጥብ ሳለ ወተት መሳይ ሆኖ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ሲደርቅ ግን ጥርት ይላል። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ልክ የመሰለዎትን ብርሃን በትንሹ አነጣ አድርገው ይቀላቅሉ።

ቀለሜ ለምን ጭቃ ይሆናል?

ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ተቃራኒ ቀለሞች (ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ) እርጥብ ሆነው ሸራ ላይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ሁለተኛው፣ በአንድ ድብልቅ ውስጥ ከሦስት በላይ ቀለም መግባቱ ነው። ቱቦ ላይ አንድ ስም ያለው ቀለም ራሱ ከሁለትና ከሦስት የቀለም ዱቄቶች የተቀመመ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለት ቀለም ቀላቀልኩ ያሉት አምስት ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው ቆሻሻ ውሃ ነው፤ ሁለት ዕቃ ይኑርዎት፣ አንዱ ለማጠቢያ አንዱ ለማለቅለቂያ።

ጭቃው ከመጣ በላዩ ላይ ማሸት ያባብሰዋል። እርጥብ ከሆነ በስፓቱላ ይፋቁት፤ ከደረቀ እንደ ዳራ ይጠቀሙበትና አጠገቡ አንድ ንጹሕ ቀለም ያኑሩ። ግራጫ ከንጹሕ ቀለም ጎን ሲሆን ዋጋ ያገኛል፤ ሥዕሉን የሚገድለው ሁሉም ቦታ ግራጫ ሲሆን ነው።

ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ወይም እየተላጠ ነው። ምን አጠፋሁ?

በአክሪሊክ የተለመዱ ጥፋቶች አሉ። ቀለም በወፍራሙ ሲፈስ ላዩ ቀድሞ ቆዳ ያበጅና ሥሩ ገና ሲኮማተር ይሰነጥቀዋል፤ ወፍራም ሸካራነት ከፈለጉ በቀጫጭን ንብርብሮች ይገንቡት። ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማያያዣው በደንብ ስለማይገጥም ሽፋኑ ደካማ ይሆናል። ውሃ ማብዛትም አለ፦ ጌሶ በተቀባ ሸራ ላይ ውሃው ከቀለሙ እኩል እንዳይበልጥ፤ ከዚያ በላይ ለማቅጠን ሚዲየም ይጨምሩ። ለመፈተሽ ሥራው አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ በቀስታ ያሹት። ቀለም ወደ ጨርቁ ከወጣ ማያያዣው አንሷል ማለት ስለሆነ ቀጭን ሚዲየም በለስላሳ ብሩሽ ይደርቡበት።

በዘይት ቀለም ሕጉ ከሥር ደረቅና ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ዘይቱ የበዛ ነው። ተገላቢጦሽ ሲሆን ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። አክሪሊክን በዘይት ቀለም ላይ በፍጹም አይቀቡ፤ ይላጣል። በደረቀ ቀጭን አክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ግን ይቻላል።

ጌሶ በሌለው ጥሬ ሸራ ላይ ቀለም ማስረግ ለሚወዱ፦ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሔለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. በ1952 ይህን የጀመረችው በቀጠነ የዘይት ቀለም ነበር፤ ዘይቱ በቀለሙ ዙሪያ እየሰፋ ቀለበት ይሠራል፣ ከጊዜ በኋላም የጥጡን ክር ያደርቃል። እርሷም በ1960ዎቹ ወደ አክሪሊክ ዞራለች። ጥሬ ሸራ ላይ ለማስረግ አክሪሊክ ይጠቀሙ።

አንዷን ጥግ በጣም ወደድኳት፤ የቀረው ግን አልሆነም።

ያቺ ጥግ ናት ሥዕሉን ያሰረችው። ሁሉም ቦታ እርሷን ላለመንካት ሲጠማዘዝ ቀሪው ይሽመደመዳል። ፎቶ አንስተው ያስቀምጧትና ከአራቱ ጠርዞቿ ቢያንስ ሁለቱን ይክፈቱ፤ ቀለሟ ወደ ጎረቤት ይውጣ፣ የጎረቤትም ወደ እርሷ ይግባ። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልበቃ መሸፈን ነው፤ ከባድ ቢሆንም ሥዕሉ የሚለቀቀው ያኔ ነው።

ማቆም ያለብኝ መቼ ነው?

ቀጥሎ የሚደረገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሲያቅትዎት ያቁሙ። “የታችኛው ግራ ጠርዝ በጣም ስለታም ስለሆነ ላሟሟው” ማለት ከቻሉ ሥራ አለ። “የሆነ ነገር ይጎድላል” ብቻ ከሆነ ብሩሹን አስቀምጠው ሸራውን ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙሩት። ሲመለሱ በአራቱም አቅጣጫ እያዞሩ ይዩት፤ በመስተዋት ይዩት፤ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሱት። ጥቁርና ነጩ አንድ ወጥ ግራጫ ከሆነ ችግሩ የቀለም ምርጫ ሳይሆን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ማነስ ነው።

ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር ብዙውን ጊዜ ይታወቃል፦ ትንንሽ፣ እኩል የተራራቁ፣ ባዶ ቦታን የሚሞሉ ነጠብጣቦች ናቸው። እጅዎ እነዚያን መጣል ከጀመረ ሥዕሉ ካለቀ ቆይቷል።

ሥዕሎቼ ሁሉ እየተመሳሰሉ መጡ።

ቀልብ መስሎ የሚሠራው ልማድ ሆኗል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፦ ለአምስት ሥራዎች የለመዱትን ቀለም ይከልክሉ፣ ወይም ብሩሽ ትተው በስፓቱላና በጨርቅ ብቻ ይሥሩ፣ ወይም አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሸራ ይጠቀሙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አይረዳም፤ የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ አይታወቅም። ወደ ውጭ ወጥቶ አዲስ ነገር መመልከትም ያስፈልጋል፤ ለሁለት ወር ከክፍል ያልወጣ ሠዓሊ የሚስለው የራሱን የድሮ ሥዕል ነው።

ለጤና የሚያሰጋ ነገር አለ?

አለ፤ ትልቁ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ነው። ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ሲቀመጥ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያመነጫል፤ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውሃ በተሞላ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይክተቱ። ተርፔንታይንና ሌሎች ማቅጠኛዎችን መስኮት ከፍተው ይጠቀሙ። ካድሚየምና ኮባልት ያለባቸውን ቀለሞች ደረቁን አይፈቅፍቁ፣ በመርጫም አይርጩ፤ የሚጎዳው ወደ ሳንባ የሚገባው ብናኝ ነው። የአክሪሊክ እጣቢ ውሃን ወደ ማጠቢያ አይድፉ፤ ለአንድ ቀን አዝቅጠው ደለሉን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉ።

ርዕስ ማውጣት ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ ተመልካችን ግን ይረዳል። “ስሜት ሦስት” ዓይነት ስም ምንም በር አይከፍትም። ውጭ ተቀምጠው የጻፏቸውን አምስት ሐረጎች ይመለሱባቸው፤ ርዕሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ቫርኒሽ መቼ ይቀባል? ከጀርባውስ ምን ይጻፋል?

ቀጭን አክሪሊክ ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ የዘይት ቀለም ከሆነ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቁ፤ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። ሊነሳ የሚችል ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቅ የመጨረሻ ሽፋን) ይምረጡ፤ ወደፊት አቧራ ሲይዝ ቫርኒሹ ብቻ ተነስቶ ይታደሳል። ሸራውን አስተኝተው በሁለት ስስ ንብርብር ይቀቡ፤ አንዴ ካለፉበት ቦታ ላይ በብሩሽ መመለስ አረፋና ነጭ ደመና ያመጣል። ከጀርባው የፍሬሙ እንጨት ላይ ስምዎን፣ ዓመቱን፣ መጠኑን፣ የቀለሙንና የቫርኒሹን ዓይነት ይጻፉ። ረቂቅ ሥዕል ላይ በቀላሉ ስለሚዘነጋ የላዩን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ።